የአማቴ ድቤና ሦስተኛው ክንዴ

ሁለት ክንድ ያለው ሰው ሦስተኛ ክንድ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ የዘሃራ ነው። የጠየቀችኝም ከድር በያጁ የሠራልኝን የብረት ክንድ ላሳያት ይዤ ገብቼ ሳሎን መሀል ያጋደምኩት ዕለት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክንድ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ዘሃራ ሐዘን ሲበዛባት የምትስቃት አንዲት ሳቅ አለቻት፤ እሷን ሳቀች። አባቷ ታመው የተኙበት ሰሞን ስለነበር አልተቀየምኳትም። ክንዱን አንስቼ አልጋ ሥር ከተትኩት፤ በማግስቱ ቤት ስትጠርግ ቁርጭምጭሚቷን መታት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዘሃራና ክንዱ አይነጋገሩም።

በነገራችን ላይ እኔ የእንጨት ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ቶርኖ እንጨቱን ነክሶ ያሽከረክረዋል፤ እናንተ ስለት ትደግፉበታላችሁ፤ እንጨቱ እየተላጠ ይከብባል። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የቡፌ እግር እሠራለሁ። ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ብርዱን ፈርቼ ጃኬት ለብሼ እወርዳለሁ፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ላብ ያጠምቀኝና አወልቀዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የማይፈለግ ጃኬት ይዤ እውላለሁ። ሰዎች ይህን ያህል ዓመት ስትመላለስ እንዴት መላ አልፈጠርክም ይሉኛል። መላ የምፈጥር ሰው ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ጉድ አላወራችሁም ነበር።

አማቴ አባባ ይማም የሚኖሩት ከደሴ አጠገብ፣ ገራዶ ነው። በዚያ አካባቢ ወዳጃ ሲጠራ፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ በመንዙማ ዱዓ ሲያደርግ፣ ድቤውን የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ድቤያቸው ከአባታቸው የወረሱት፣ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ጦርነቱ ሲደርስብን፣ ሁላችንም ቤት ዘግተን ሸሸን። ስንመለስ ድቤው ማገዶ ሆኗል። የተረፈው ቆዳው ብቻ ነው፤ ያነደደው ሰው ቆዳውን በጥንቃቄ ገፎ፣ አጣጥፎ መስኮት ላይ አስቀምጦት ሄዷል። ይህን ያህል ጨዋነት ያለው ሰው ለምን አጠገቡ ያለውን ወንበር እንዳላነደደ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አባባ አልተቆጡም። «በርዶት ይሆናል» አሉና ቆዳውን ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ ታመሙ። ሆስፒታል አመላለስናቸው። በመጨረሻ ሐኪሙ «ቤታቸው ይሁኑ፤ የሚወዱትን አብሏቸው» አለን። ይህን አነጋገር የሰማ ሰው ትርጉሙን አይጠይቅም። ዘሃራ አልጠየቀችም፤ እኔ ሞኙ ግን «ምን ምን ይብሉ?» አልኩት።

ምግብማ አልፈለጉም። የፈለጉት ሌላ ነበር። ብርድ ልብሱ ላይ ጣቶቻቸው ያለማቋረጥ ይመታሉ፤ ሲተኙም ይመታሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ስለማይረባ ነገር ሳወራላቸው አቋረጡኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ዋንዛ አለች አይደል?»

ግቢያቸው የነበረች ዋንዛ ናት፤ ነፋስ ከጣላት ቆይታለች፤ ግንዷ ጣሪያ ሥር ደርቃ ተቀምጣለች።

«አለች አባባ።»

«ከእሷ ድቤ አውጣልኝ። አንድ ወዳጃ ልጥራ። መትቼ፣ ዱዓ አድርጌ፣ ሰዉን አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ ልሂድ።»

«ኧረ አባባ! አንቱማ ገና ብዙ ይኖራሉ።»

«እሱን ዋሸኸኝ» አሉ በረጋ ድምፅ፤ «ድቤውን ግን እንዳትዋሸኝ።»

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ድቤ በእጅ የሚቦረቡሩ ሰዎች ደሴ ዙሪያ አሉ፤ መሮና መዶሻ ይዘው ተቀምጠው፣ ሰላምታ እየመለሱ፣ ቀስ እያሉ ያወጡታል። እኔ ግን ቀስ የሚባለው ነገር አስፈራኝ። አባባ ቀስ የሚል ጊዜ አልነበራቸውም። ደግሞ አልዋሻችሁም፣ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር። አንድ ፈረንጅ እጅ በማያስገባ አፍ በኩል የአንድን ጉማጅ ሆድ ዕቃ ሙልጭ አድርጎ ያወጣል፤ ለዚያውም ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለችም። የሚሠራው በእጁ ሳይሆን በብረት ክንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለት ይዛችሁ የሚሽከረከር እንጨት ሆድ ውስጥ ጠልቃችሁ ስትገቡ እንጨቱ ይራገጣል። እኔን አንዴ ረግጦኝ የእጄ አንጓ አብጦ ሰንብቷል። ክንዱ ግን እንደ ሰው ክንድ ትከሻ፣ ክርንና አንጓ አለው። ትከሻው ማሽኑ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ መገጣጠሚያዎቹ ወዲህና ወዲያ ይዞራሉ፤ ጫፉ ላይ ረጅም ብረት፣ ብረቱ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል ስለት አለች። ርግጫውን ክንዱ ይችለዋል፤ የሰውዬው ድርሻ ይዞ መምራት ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ስለቱ የት እንደደረሰ ስለማይታይ ደግሞ ከላይ ቀይ መብራት ትታሰራለች፣ ተማሪዎች አስተማሪ የሚያናድዱባት ዓይነት። ነጥቧ በእንጨቱ ጀርባ ላይ ታርፋለች። ከእንጨቱ ጠርዝ ተንሸራታ ከወደቀች የእንጨቱ ግድግዳ ሳስቷልና ቁም ማለት ነው።

ቪዲዮውን ለከድር አሳየሁት። ከድር ኮምቦልቻ ጎረቤቴ ነው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። ደጋግሞ አየውና «ይቺማ በር ናት» አለኝ።

«የምን በር?»

«ማጠፊያ አላት፣ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። በር ናት። መቀርቀሪያ ልሥራላት? ስትፈልግ ባለችበት ቀጥ ታደርጋታለህ።»

«መቀርቀሪያ ምን ያደርግልኛል? እጄ አለ አይደል?» አልኩት። ይህችን ንግግር ያዙልኝ።

ክንዱን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ኮምቦልቻ ስወስደው መጀመሪያ የሞከርኩት በባሕር ዛፍ ጉማጅ ነው። ስለቱ ገና እንጨቱን ሲነካ ቶርኖው የጮኸውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። አጠገቤ ሻይ የምትሸጠው እትዬ አበበች ነጠላዋን እየጎተተች እየሮጠች ገባች።

«በስመ አብ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጉማጁ ከማሽኑ ንክሻ አምልጦ በጆሮዬ ሥር አለፈና የቆርቆሮ ግድግዳውን በስቶ ወጣ። ውጭ ሽንኩርት ሻጭ ጮኸች። እትዬ አበበች ቀዳዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«ታዲያ ምን እየጠበቅህ ነው?» አለችኝ።

ሰው ግን ይለምዳል። ሰንበት ብዬ የክንዱን ጠባይ አወቅሁ። ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ጩኸቱም ወደ ማጉረምረም ወረደ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ምን መሰላችሁ? መቀመጥ! በዕድሜዬ ሙሉ ቶርኖ ላይ የሠራሁት ቆሜ፣ ስለቱን በደረቴ ተደግፌ ነው። አሁን ኃይሉን ክንዱ ስለሚችለው በርጩማ ላይ ጉብ ብዬ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ እንደ ዳኛ ተቀምጬ መሥራት ጀመርኩ። ከድርን ጠርቼ አሳየሁት። መንገደኛም ቆሞ እንዲያየኝ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መቀመጤ እንዲህ ያኮራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የዋንዛዋ ቀን ደረሰ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። የውጭውን ቅርጽ አወጣሁ፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ፣ ልክ እንደ ድሮው። ከዚያ ክንዱን አስገባሁ። ዋንዛ ሸጋ እንጨት ነው፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል፣ በየመሀሉ ማሽኑን አቁሜ ሆዱ ውስጥ የታጨቀውን እጠርጋለሁ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ያ የባሕር ዛፍ ጉማጅ በበሳው ቀዳዳ የኮምቦልቻ ፀሐይ እየገባ እንጨቱ ላይ ይተኛል፤ ቀይዋ ነጥብ አልታይ አለችኝ። ዘወር ዘወር ስል ጃኬቴን አየሁት። በመጨረሻ ጥቅም አገኘሁለት ብዬ ቀዳዳው ላይ ሰቀልኩት። ጨለማው ስላልበቃኝ በሩንም ገርበብ አደረግሁት። ነጥቧ ፍንትው አለች። የደጁን መንገድ ግን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው የሚፈለገውን ያህል ሊሳሳ ትንሽ ቀረው። ነጥቧ ወደ ጠርዙ ተጠግታለች። ትንፋሼን ይዤ፣ አጎንብሼ፣ ክንዱን በሁለት እጄ ይዤ እመራለሁ። አባባ ሲመቱት ይታየኛል። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት የሥራ ቀን የለኝም።

በሩ ተከፈተ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ አንድ የደከመ ድምፅ።

ቀና ስል አባባ ይማም በዘሃራ ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ንጹሕ ሽርጥ ለብሰዋል። ለካስ «ድቤዬን ሳላየው አልተኛም» ብለው እምቢ ብለዋል፤ የጎረቤት መኪና ተለምኖ ከገራዶ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደዋል።

እስቲ አሁን በሐቅ ፍረዱኝ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን አማት፣ አማት ብቻ ሳይሆን ከሞት አልጋ ተነስተው የመጡ አማት፣ እኔ አማች ተብዬው በርጩማ ላይ ተኮፍሼ ልቀበላቸው? ከእናንተ መሀል ይህን የሚያደርግ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ካላልኩ ጆሮዬ እየተቆነጠጠ ነው። እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ያውቀዋል።

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ። በቀኝ እጄ ኮፍያዬን አወለቅሁ። በግራዬ ጉልበታቸውን ይዤ ልስም ጎንበስ አልኩ።

«በአላህ፣ በአላህ፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

የቀረ እጅ ካለኝ እናንተ ቁጠሩት። ከኋላዬ የለቀቅኳት የከድር በር ነፋስ እንዳገኘ በር በራሷ ታጠፈች። ክርኗ ሲዞር፣ ስለቷ ግድግዳውን ስትነክስ፣ ዋንዛው «ጧ!» ሲል በአንድ ጊዜ ሰማሁት። ስንጣሪ መጥቶ ማጅራቴን መታኝ። ዞሬ ማሽኑን ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ በራሱ ቆመ። መብራት ጠፍቶ ነው። ከሦስት ቀን አንዱን ጠፍቶ የሚውል መብራት፣ ኖር ከማለቴ በፊት ቢጠፋ ምን ነበረበት? አልጠፋም። ጥፋቱ እስኪያልቅ ጠብቆ ጠፋ።

ድቤው ሆድ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ዘሃራ ያቺን ሳቋን ጀመረችና መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ አፈርኩ። ማፈር ብቻ አይደለም፤ በቁሜ ማልቀስ አማረኝ።

አባባ ቀስ እያሉ ተጠጉ። በቀዳዳው አዩ።

«መስኮት አወጣህለት?»

«አባባ...»

«ለምን ተነሳህ?»

«አንቱ ገብተው እንዴት ልቀመጥ?»

ይህችን አሰቧት። ብዙ አሰቧት።

«እውነትህን ነው» አሉ፤ «ባትነሳ ኖሮ እቀየምህ ነበር።»

ከዚያ በርጩማዬ ላይ አስቀመጥናቸው። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው የግድግዳውን ውፍረት ዳሰሱ፣ አፉን ዳሰሱ፣ በጉልበታቸው መሀል ይዘው ባዶውን እንጨት መታ መታ አደረጉት። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«አብሽር» አሉኝ፤ «ለጥፈውና ቆዳ አልብሰው። ሌላ እንዳትጀምር፣ እኔ ሌላ አልደርስበትም።»

በማግስቱ ከዚያችው ዋንዛ ቁራጭ ጠርቤ በኮላ ለጠፍኩት። ሳጥናቸው ውስጥ የነበረውን ያንኑ አሮጌ ቆዳ በውሃ ዘፍዝፌ፣ አለስልሼ፣ ወጥሬ አለበስኩት። አሁን የቀረው ማድረቅ ነው። ቆዳ በደንብ ካልደረቀ ድምፅ የለውም። ገራዶ ወሰድኩት፤ ሰማዩ ደምኖ ጉም ወረደ። ሆጤ አመጣሁት፤ ጉሙ ተከትሎኝ መጣ። በመጨረሻ ተሸክሜው ኮምቦልቻ ወረድኩና የሱቄ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። የሰፈሩ ውሾች ቆዳው ሸቷቸው ከበቡን። እትዬ አበበች እንጨት ይዛ ዘብ ቆመች፤ «እንዲህ ያለ ድቤ ከሰው በላይ አስቸገረን» እያለች። ወዳጃው ለመጪው ሐሙስ ተጠርቷል። ሰዉም ሰምቷል። አባባም እየጠበቁ ነው።

ሐሙስ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ዘሃራ ደወለች።

«አባባ ድቤው ደረቀ ወይ ይላሉ።»

«ነገ ይደርቃል በያቸው። ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ነገ አትበል» አለችኝ።

ገባኝ። ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጥኩና ድቤውን በጉልበቴ መሀል ያዝኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ድቤ መምታት እንደማልችል ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ዱብ አደረግሁት። ደገምኩት። ከስልኩ ውስጥ የቀጠነ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት አባባ!»

«ይሄ ድቤ ነው ወይስ ጀሪካን?»

«ድቤ ነው አባባ። ቆዳው ገና ስለሆነ ነው።»

«የለጠፍክበትን ጎን ወደ ሆድህ ይዘኸዋል፤ ትንፋሽ ያጣል። ዞር አድርገው።»

አዞርኩት። መታሁ። ይሄኛው ድምፅ ነበረው፤ ወፍራም፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ።

«እጃቸው!» አለች ዘሃራ፤ «እጃቸው አብሮህ እየመታ ነው። እንዳታቆም!»

አላቆምኩም። ከድር ድምፁን ሰምቶ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ፤ ጣሪያው ላይ ማን እንዳለ አየና ሳይጠይቅ ከታች ሆኖ ማጨብጨብና መንዙማ ማውረድ ጀመረ። እትዬ አበበች እንጨቷን ጥላ አጨበጨበች። ውሾቹ እንኳን ዝም አሉ። እየሳትኩም፣ እየዘለልኩም መታሁ፤ መዳፌ እስኪቀላ መታሁ። «አባባ፣ ይሰማል?» ብዬ ጎንበስ ስል የስልኬ ፊት ጠቁሯል። መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ቻርጅ አላደረግሁትም ነበር። ለሞተ ስልክ ምን ያህል እንደመታሁ አላውቅም።

ድቤውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ሽቅብ ወጣሁ። በየመታጠፊያው የጎረቤቴ ክርን ቆዳውን ይነካዋል፤ ዱብ ይላል፤ ሰው ዞሮ ያየኛል። «አፍወን» ይላል ሰውዬው፤ «ችግር የለም» እላለሁ። ገራዶ ስደርስ ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ ድቤውን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ።

ዘሃራ በር ላይ አገኘችኝ። ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ እጃቸው ብቻውን ትንሽ እንደመታ ነገረችኝ። ከዚያ ቆመ። ሸሃዳቸውንም ይዘው ሄዱ። ሰዉን አፉ በሉኝ ሳይሉ ሄዱ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ሳይጠየቅ አፉ ብለናል፣ አፉ ብለናል እያለ ነበር። እኔም አፉ በሉኝ ልላቸው ነበር የመጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ጥግ ላይ በርጩማ ሰጥተውኝ ድቤውን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። አስቀምጠው የሚለኝ ሰው አልጠፋም፤ አላስቀመጥኩትም። ቆዳው አሁን ደርቋል። ሊደርቅ ያሰበው ይሄን ጊዜ ነው።

የአባባ ጀናዛ በሰው ትከሻ ከቤት ወጣ። ብድግ አልኩ። ይሄን ጊዜ የያዝኩትን አለቀቅሁም።

«ኖር» አልኩ።

ተቀመጥ የሚለኝ አልነበረም።